ቆዳ የሚለመልመው ከውስጥ ነው፤ ስለ ማዕድናት፣ ስለ ጾም ወጥ ቤትና ስለ ሕፃኑ ድስት

(የኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ የሆኑ ዲያቆን በመልካ ጀብዱ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ያቀረቡት ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የልማት ኮሚሽን ባለሙያ ሲጠራ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝ ወይም ስለ ቁጠባ ማኅበር ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቆዳ ልናገር ነው። «ቆዳ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። እኔም ከአንዲት እናት ቤት እስክገባ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር።

ባለፈው የጾም ወራት በዚሁ በመልካ ጀብዱ ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት አንድ ዓመት ተኩል የሚሆነውን ልጇን ታቅፋ ተቀበለችን። የልጁ የከንፈሩ ዳርና ዳር ተሰንጥቋል፤ በአፉ ዙሪያና በመቀመጫው ላይ ቀይ ቁስል አለ፤ እጅና እግሩ ደርቆ ይቀረፋል። ተቅማጥም ይመላለስበታል። እናትየው ሁለት ጊዜ ቅባት ገዝታ ቀብታዋለች። «ውኃው ነው፤ የድሬ ውኃ ኖራ አለበት» አለችን። በግቢዋ ፍየልና ዶሮዎች አሉ። ወተቱንና እንቁላሉን ግን ጾም ስለሆነ ወደ ገበያ ትልካለች። «ለልጁስ?» ብዬ ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዲያቆን፣ ዕቃው ፍስክ አይነካውም ወይ?» አለችኝ።

ክቡራን አባቶች፣ በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «የንስሐ አባትሽን ጠይቂ» ብዬ ወጣሁ። እርሷ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ቤቷ ድረስ ሲመጣ ልትጠይቅ የምትችለውን ጠይቃ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ያን ጊዜ ላልሰጠሁት መልስ ካሣ እንዲሆንልኝ ነው።

አስቀድሜ ቆዳ ምን እንደ ሆነ ልናገር። ቆዳ የሰውነታችን አጥር ነው። ውስጡን ውኃ ያዝ ያደርጋል፤ ትቢያውንና ተሕዋስያኑን ከውጭ ይመልሳል። ይህ አጥር ግን እንደ ድንጋይ ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። የላይኛው ሽፋን ከሥሩ በሚወለዱ አዳዲስ ሕዋሳት ይተካል፤ አሮጌው እየተቀረፈ ይወድቃል። በጤነኛ ጎልማሳ ይህ መታደስ አራት ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ በፊታችን ላይ የምናየው ቆዳ ባለፈው ወር በላነው ማዕድ የተሠራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ቅባት የአጥሩን ውጫዊ ገጽ ያለሰልሳል፤ የሚሠራበትን ጭቃና እንጨት የሚያቀርበው ግን ደም ነው። ደሙም የሚያገኘው ከማዕድ ነው።

ከዚያ ማዕድ ከሚመጡት መካከል መጠናቸው እጅግ ጥቂት፣ ሥራቸው ግን ብዙ የሆኑ ማዕድናት አሉ። ብረት ደም ኦክስጅን እንዲሸከም ያደርጋል፤ ከቫይታሚን ሲ ጋር ሆኖም ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በትክክል እንዲሠራ ያግዛል። ብረት ያነሰበት ሰው የከንፈሩ ዳር ሊሰነጠቅ፣ ጥፍሩ ሊሳሳና እንደ ማንኪያ ሊጎደጉድ ይችላል። መዳብ የኮላጅንን ክሮች እርስ በርስ ለማስተሳሰር፣ ለቆዳችንም ቀለሙን ለመስጠት ያስፈልጋል። አዮዲን በአንገት ላይ ላለው ዕጢ ሥራ ግድ ነው፤ ዕጢው ሲደክም ቆዳ ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ጠጉርም ይሳሳል። ዚንክ ደግሞ ሕዋሳት በሚከፋፈሉበት ሥራ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ቁስል የሚሽረውም ተቅማጥ የጎዳው አንጀት የሚጠገነውም በእርሱ ነው። በጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ዚንክ ሁለት ወይም ሦስት ግራም ብቻ ነው። ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ጎተራ ስለሌለው በየጊዜው ከምግብ ሊመጣለት ይገባል።

የሰው ልጅ ዚንክ ሊያንሰው እንደሚችል የታወቀበት ታሪክ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የተባሉ ሕንዳዊ ሐኪም በኢራን ሺራዝ ከተማ ሲሠሩ ዕድሜያቸው ለወጣትነት ደርሶ ሳለ ቁመናቸው የሕፃን የሆነ፣ ደማቸው ያነሰ፣ ቆዳቸው የደረቀና የሻከረ ሕሙማን ገጠሟቸው። እነዚህ ወጣቶች የሚበሉት በአብዛኛው ያለ እርሾ የተጋገረ የስንዴ ቂጣ ነበር፤ አፈርም ይበሉ ነበር። ሐኪሙ ምርምራቸውን በግብፅ ቀጥለው፣ ከብረት በተጨማሪ ዚንክ መጉደሉን እ.ኤ.አ. በ1963 አሳወቁ። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ በለንደን ሐኪሞች በአፍና በመቀመጫ ዙሪያ፣ በእጅና በእግርም ላይ ቁስል የሚያወጣ፣ ተቅማጥ የሚያበዛና ሕፃናትን የሚገድል በውርስ የሚመጣ በሽታ በዚንክ ብቻ እንደሚድን አረጋገጡ። ያ ሁሉ ቁስል በቆዳ ላይ ይታይ እንጂ ጉድለቱ የነበረው በውስጥ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል 57 ከመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 ከመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በጎረቤታችን በሶማሌ ክልል የሕፃናቱ ቁጥር 83 ከመቶ ነበር። የደም ማነስ ሁሉ ከብረት ማነስ አይመጣም፤ ወባና የአንጀት ትላትልም ደም ያሳንሳሉ፣ ወባን ደግሞ ድሬዳዋ በሚገባ ታውቃታለች። ነገር ግን የማዕዱ ድርሻ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ «ጾም ነው ያደረቀን» የሚል ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል። እኔ ግን የጾሙን ወጥ ቤት መርሳታችን ነው እላለሁ። እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ።

እህልና ጥራጥሬ ብረትም ዚንክም አላቸው። ነገር ግን ፋይቴት የተባለ ነገር በፍሬው ውስጥ እነዚህን ማዕድናት አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ሆዳችን ቢሞላም ማዕድኑ ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ይህን እስር የሚፈታው መቡካት፣ መዘፍዘፍና ማብቀል ነው። በሺራዝ የነበረው ቂጣ እርሾ አልነበረውም። እናቶቻችን ግን ይህን ሁሉ ያለ ቤተ ሙከራ ያደርጉት ነበር። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ለቀናት ይቦካል። ባቄላው ተዘፍዝፎ በቆልት ይሆናል። የስልጆው ዱቄት እንዲሁ ይብላላል። ምስሩ አዚፋ ሲሆን ሎሚ ይጨመቅበታል፤ በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ በእህል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ እጅግ ያግዛል። ሱፉ፣ ኑጉ፣ ሰሊጡና የዱባው ፍሬ ዚንክና መዳብ ያመጣሉ። ጾማችን ከሥጋና ከወተት የሚከለክለን ቢሆንም አባቶችና እናቶች ለጾመኛው ባዶ ገበታ አልተዉለትም።

ዛሬ በመልካ ጀብዱ በብዙ ቤት ምን እየተበላ ነው? ሊጡ ሳይቦካ በችኮላ የሚጋገር የማሽላ ወይም የፉርኖ ዱቄት ቂጣ፣ ከእርሱም ጋር ሻይ። ማሽላ መልካም እህል ነው፤ የዚህ ምሥራቅ ምድር ልጅ ነው። ነገር ግን ፋይቴትም ታኒንም አለው፤ ካልቦካ ማዕድኑን አይለቅም። ሻይና ቡና ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የብረቱን በር ይዘጋሉ። ሻይ አትጠጡ ብል በድሬዳዋ ማን ይሰማኛል? ከምግቡ በፊት ወይም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አርቃችሁ ጠጡት ነው የምለው። ሎሚው፣ ፓፓያውና ማንጎው በአጠገባችን ይሸጣል፤ ከሽሮውና ከምስሩ ጋር በማዕድ ላይ ይቅረብ።

«ጤፍ ብረት አለው» እያልን የምንመካበትም ነገር ጥቂት እርማት ይሻል። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው በአውድማ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ ለሰውነት በቀላሉ አይገኝም። በዚህ ምክንያት አፈር መብላትም መድኃኒት አይሆንም። ነፍሰ ጡር እናት አፈር ካማራት ደሟ አንሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይስቁባት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባል።

በነቢዩ ዳንኤል መጽሐፍ የተጻፈውን የአራቱን ወጣቶች ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከንጉሥ ማዕድ ርቀው ጥራጥሬና ውኃ መረጡ፤ ከ10 ቀን በኋላም ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ታየ። ይህን የጸጋ ታሪክ ወደ ምግብ ትምህርት ለመለወጥ አልደፍርም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ እነዚያ የጾሙት ለመጾም የደረሱና ወደው የመረጡ ወጣቶች ናቸው። በእናቱ እቅፍ ያለው ሕፃን ግን አልመረጠም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልጠየቀችውም።

ይህ የንግግሬ ልብ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም። ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም በንስሐ አባታቸው ምክር እንደ አቅማቸው ይታዘንላቸዋል። ይህን እኛ እናውቃለን፤ እናቶች ግን ብዙውን ጊዜ በግልጽ ሲነገር አልሰሙም። ከሰሙም የሚያስፈራቸው ሕፃኑ መብላቱ ሳይሆን ድስቱ ነው። የቤተሰቡ የጾም ዕቃ ፍስክ እንዳይነካው ስትል እናት ለልጇ እንቁላል ሳትቀቅል ትቀራለች። ልጁም ከስድስት ወር በኋላ የእናቱ ጡት ብቻውን በማይበቃው ጊዜ፣ ቆዳው፣ አንጀቱና አእምሮው ፈጥኖ በሚያድግበት ጊዜ፣ ከሽሮ መረቅና ከቂጣ ጋር ይውላል። በሕፃን ጨጓራ ውስጥ ብዙ ምግብ አይገባም፤ ስለዚህ ጥቂቱ ምግብ ማዕድኑ በቀላሉ የሚገኝ ሊሆን ይገባል። እንቁላልና ሥጋ ይህን ያደርጋሉ። ወተትም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ጥቂት ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ የዚያች እናት ጥያቄ መልሱ ሩቅ አልነበረም። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ይለይለት። የእናቲቱ ጾም ይጠበቃል፤ የሕፃኑም ማዕድ አይጓደልም። ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የተናገሯት ግን ከሳምንት በኋላ ወደ ቤቷ የሄዱት የንስሐ አባቷ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የልጁን ክንድ ለክታ ወደ ጤና ጣቢያ ላከችው። በዚያም ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የዚንክ እንክብል ተሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት የጋራ መመሪያ መሠረት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ መመሪያው ያዘዘው መጠንም ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10 ሚሊግራም ነበር። ተቅማጥ ዚንክን ያጥባል፤ የዚንክ ማነስም ተቅማጡን ያብሳል፤ መድኃኒቱ ይህን ክበብ ይሰብራል። በሦስተኛው ቀን «ተሻለው» ብሎ ማቋረጥ ግን ስሕተት ነው። የዚያ ልጅ ቁስል በሳምንታት ውስጥ እየደረቀ ሄደ። እንቁላሉ ነው ወይስ እንክብሉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ስለ ደረሱለት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ ከማዕድናት ማነስ ስለማይመጣው ልናገር፤ ሁሉን በምግብ ለመፈወስ መሞከርም ሌላ ጥፋት ነውና። ስለ ውኃው የሚባለውን እንጀምር። የድሬዳዋ ውኃ ኖራማ መሆኑን በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ውኃ ሳሙና አያስነሣም፤ ብዙ ሳሙና ስንፈጅበትም ቆዳ ይደርቃል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ችፌ ባለባቸው 336 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ውኃውን ማለስለስ ለሕመሙ የተለየ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። ስለዚህ ውኃውን ብቻ እየከሰስን ማዕዱን አንርሳ። ሳሙናውን ቀንሱ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ቆዳው እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ቀቡት፤ ይበቃል።

ሌሊት የሚያሳክክ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣና ከአንዱ ወደ ሌላው የቤተሰብ አባል የሚሄድ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በአማራ ክልል ብዙ ሕዝብ ያሠቃየው እርሱ ነበር። ክብ ሆኖ የሚሰፋው ጭርት ነው። እነዚህ በመድኃኒት እንጂ በምስር አይድኑም። ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ ስሜት የሌለው ምልክት ያየ ሰው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሐረር አጠገብ ያለው የቢሲድሞ ሆስፒታል ይህን ሕመም ለማከም የተቋቋመ መሆኑን የዚህ አካባቢ ሰው ያውቃል፤ ቀድሞ የታከመ ሰው አካሉ ሳይጎድል ይድናል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ስለ ማቅያ ቅባትም አንድ ቃል። ቆዳ ለማቅላት ከሚሸጡ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። እርሱም ማዕድን ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ፈጽሞ አይፈልገውም፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ በነፍሰ ጡር በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለ እንክብልም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ዚንክ ለረጅም ጊዜ መውሰድ መዳብን ያሳጣል፣ ሴሊኒየም የተባለውም ማዕድን ሲበዛ ጠጉርና ጥፍር ያረግፋል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማዕድን ከመድኃኒት ቤት መግዛት ጥበብ አይደለም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ግን በጤና ባለሙያ የታዘዘ ነውና አይቋረጥ። የምትቆርብ እናት ሰዓቱን ከንስሐ አባቷ ጋር ታስተካክል፤ በሻይም አትዋጠው።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ከዚህ ጉባኤ አራት ነገር ይዘን እንድንወጣ እለምናለሁ።

1. በእያንዳንዱ የጾም መግቢያ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፣ ሕፃናት ጾም እንደሌለባቸውና የሕፃን ዕቃ መለየት እንደሚቻል በካህን አንደበት በግልጽ ይነገር። እኔ ወይም የጤና ባለሙያዋ አንድ ዓመት ብንሰብክ፣ አባት በአንድ ደቂቃ የሚናገሩትን ያህል አይሰማም።

2. የንስሐ አባቶች ነፍሰ ጡርና አራስ ልጆቻቸውን እስኪጠየቁ አይጠብቁ፤ ራሳቸው ይጠይቁ። አፍራ የማትጠይቅ እናት ብዙ ናት።

3. የሰንበቴና የማኅበር ማዕዳችን ትምህርት ቤት ይሁን። በቆልት፣ አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍትና በደንብ የቦካ እንጀራ ይቅረብበት፤ ሻዩም ከምግቡ ዘግየት ይበል። ጨውን በተመለከተም፣ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ የተደነገገ ስለሆነ፣ አዮዲን ያለውን እንግዛ፤ ክዳን ባለው ዕቃ እናኑረው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል እንጨምረው።

4. ከአጥቢያው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር እንተዋወቅ። የደም ማነስ በፊት ቆዳችን ላይ በቀላሉ አይታይም፤ የዓይን ሽፋን ውስጥ፣ ምላስና መዳፍ ሲገረጡ ግን ይታያል። ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተምረው የገረጣውን ሕፃን ቶሎ ማስላክ ይችላሉ። ሥራው የእኛን ምእመናን ብቻ አይመለከትም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ያው ማሽላና ያው ሻይ ነው ያላቸው፣ ልጆቻቸውም ከልጆቻችን ጋር ይጫወታሉ።

ወጪው ስንት ነው ብትሉኝ፣ የአንዲት ትንሽ ድስት ዋጋ ነው። ያች እናት ሁለት ጊዜ ለገዛችው ቅባት ያወጣችው ገንዘብ ድስቷን ይገዛ ነበር። የጎደላት ገንዘብ አልነበረም፤ የጎደላት «ይቻላል፣ ልጄ» የሚላት የአባት ቃል ነበር። ቃሉ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

 ወስብሐት ለእግዚአብሔር።